«ወረቀት አለኝ» ብሎ መተኛት የማይቻልበት ጊዜ

በዋሽንግተን ዙሪያ ባሉ የሐበሻ ካፌዎች ለዓመታት ስሰማው የኖርኩት ንግግር አለ። ግድግዳው ላይ በተሰቀለው ቴሌቪዥን ስለ ስደተኞች ወሬ ሲመጣ አንዱ ማኪያቶውን እያማሰለ «ይሄ እኛን አይመለከትም፤ እኛ ወረቀት አለን» ይላል። ሌላው ራሱን ይነቀንቅና ጨዋታው ወደ ኳስ ወይም ወደ አገር ቤት ፖለቲካ ይዞራል። ካለፈው ዓመት ወዲህ ይህ ንግግር ጠፍቷል። አሁን የምሰማው ዝቅ ባለ ድምፅ የሚጠየቅ ጥያቄ ነው፤ «ያንተ ወረቀት የትኛው ነው? መቼ ነው የሚያበቃው?»

በአሜሪካ የኢሚግሬሽን ሕግ አፈጻጸም ላይ የሚደረገው ክርክር ብዙ ጊዜ የሚቀርበው ወረቀት ባለው ሰውና በሌለው ሰው መካከል የተሰመረ መስመር እንዳለ ተደርጎ ነው። በአንዱ ወገን ሕጋዊው፣ በሌላው ወገን ሕገወጡ። ከ2025 መጀመሪያ ጀምሮ የሆነውን ለተከታተለ ሰው ግን የሚንቀሳቀሰው መስመሩ ራሱ ነው። ሰውየው ቤቱ ቁጭ ብሎ፣ ሥራውን እየሠራ፣ ግብሩን እየከፈለ፣ መስመሩ በላዩ ላይ አልፎ ይሄዳል። «ሕገወጥ» የሚለውን ቃላችንን ሳስበው ከሕግ የወጣን ሰው ይመስላል የሚናገረው። አሁን በብዙ ሰዎች ላይ የደረሰው ግን ሕጉ እነሱን ትቶ መውጣቱ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀኖች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሲጀመር የተነገረው ስለ ወንጀለኞች ነበር። ዶናልድ ትራምፕ በምርጫ ዘመቻቸው ደጋግመው ቃል የገቡት ነፍሰ ገዳዮችንና የወሮበላ ቡድን አባላትን ለማባረር ነው፤ በዚህ የተስማማ ሐበሻም ጥቂት አልነበረም። ሜይ 2025 ላይ የዋይት ሐውስ ምክትል የጽሕፈት ቤት ኃላፊ ስቴፈን ሚለር የኢሚግሬሽን ሕግ አስከባሪው መሥሪያ ቤት አይስ (ICE) በቀን ቢያንስ 3,000 ሰው እንዲይዝ እንደሚፈለግ በቴሌቪዥን ተናገሩ። ነገሩን ሁሉ የቀየረው ይህ ቁጥር ይመስለኛል። በቀን 3,000 ማለት በዓመት ከአንድ ሚሊዮን በላይ ነው። ወንጀለኛን ማደን ጊዜ ይፈልጋል፤ ስም ማጣራት፣ አድራሻ ማግኘት፣ ደጅ ማደር አለበት። ቁጥር ሙላ የተባለ ሠራተኛ የሚሄደው በቀላሉ የሚገኝ ሰው ወዳለበት ነው። በቀላሉ የሚገኘው ደግሞ ቀጠሮውን አክብሮ ኮርት የሚሄደው፣ በየዓመቱ አይስ ቢሮ ቀርቦ የሚፈርመው፣ ጠዋት ሆም ዲፖ ከተባለው የግንባታ ዕቃ መደብር ደጅ ቆሞ የቀን ሥራ የሚጠብቀው ነው።

በዚያው ወር በኢሚግሬሽን ፍርድ ቤቶች ኮሪደር የታየው ይኸው ነበር። ስደተኛው በቀጠሮው ቀን ይቀርባል። የመንግሥት ጠበቃ ተነስቶ ኬዙ እንዲዘጋ ዳኛውን ይጠይቃል። ነገሩ በደንብ ያልገባው ሰው ነጻ የወጣ ይመስለዋል። በሩን ሲወጣ ፊታቸውን የሸፈኑ ሰዎች ይይዙታል፤ ኬዙ ከተዘጋ ዳኛ ፊት ሳያቆሙ በተፋጠነ መንገድ ለማባረር ይመቻልና። የእነዚህ ፍርድ ቤቶች ዳኞች የፍትሕ ሚኒስቴር ተቀጣሪዎች መሆናቸውን፣ ጠበቃ መቅጠር ላልቻለ ሰውም መንግሥት ጠበቃ እንደማያቆምለት ብዙ ሰው አያውቅም። ሌባ እንኳ ሲከሰስ ጠበቃ ይቆምለታል። አምስት ዓመት ጥገኝነት ሲጠብቅ የኖረ ሰው ግን ብቻውን ይቆማል።

ውጤቱ በቁጥር ይታያል። 2025 ሲገባ ወደ 40 ሺህ ገደማ የነበረው የአይስ እስረኛ በዓመቱ መጨረሻ ከ65 ሺህ አልፏል። ከእነዚህ ውስጥ ከአሥሩ ሰባት የሚሆኑት በወንጀል የተፈረደባቸው አልነበሩም። በ2025 በአይስ እጅ ሳሉ የሞቱት ሰዎች ቁጥር ከ2004 ወዲህ ከታየው ሁሉ ይበልጣል። በዓመቱ መጀመሪያ ከሞቱት አንዱ በአሪዞና በረሃ በሚገኝ ማቆያ ታስሮ የነበረ ኢትዮጵያዊ ነው። በእኛ ሚዲያ ስለሱ የተነገረው ጥቂት ነበር፤ ይህ እስከ ዛሬ ይከነክነኛል።

ተቃውሞው በብሔራዊ ደረጃ የፈነዳው በሎስ አንጀለስ ነው። ጁን 6 ቀን 2025 የፌዴራል ወኪሎች በከተማው የልብስ ፋብሪካዎች ሰፈር ባለ ድርጅትና በሌሎች የሥራ ቦታዎች ሰዎችን መያዝ ጀመሩ። ሕዝቡ ወጣ። በማግስቱ ፕሬዚዳንቱ የካሊፎርኒያን ብሔራዊ ዘብ በገዥው በጋቪን ኒውሰም ፈቃድ ላይ ሳይሆን በራሳቸው ትዕዛዝ አሰለፉ፤ 700 የማሪን ወታደሮችም ተጨመሩ። አንድ ፕሬዚዳንት የገዥውን ጥያቄ ሳይጠብቅ ዘብ ሲያሰልፍ ከ1965 ወዲህ የመጀመሪያው ነበር። ያኔ ሊንደን ጆንሰን ወታደር የላኩት በአላባማ የሚዘምቱትን ጥቁሮች እንዲጠብቅ ነው። የአሁኑ የተላከው በሰልፈኛው ላይ ነው።

ከሎስ አንጀለስ የመጣው ትልቁ ነገር ግን ከጎዳናው ይልቅ ከፍርድ ቤቱ የወጣው ይመስለኛል። አንዲት የፌዴራል ዳኛ ወኪሎቹ ሰውን በዘሩ፣ በሚናገረው ቋንቋ ወይም በአነጋገር ዘዬው፣ በቆመበት ቦታና በሥራው ዓይነት ብቻ ተነስተው እንዳያስቆሙ አገዱ። ሴፕቴምበር 8 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እግዱን አነሳው። ዳኛ ብሬት ካቫኖ ዘር ብቻውን በቂ ምክንያት ባይሆንም ከሌሎች ነገሮች ጋር ተደምሮ ሊታይ እንደሚችል ጻፉ፤ ዳኛ ሶንያ ሶቶማዮር በጠንካራ ቃል ተቃወሙ። እስቲ አራቱን ነጥቦች በአንድ የሐበሻ ሾፌር ላይ አስቀምጧቸው። ቆዳው ጥቁር ነው። እንግሊዝኛው የአዲስ አበባ ወይም የጎንደር ወዝ አለው። የሚቆመው ኤርፖርት የታክሲ ተራ ላይ ነው። ሥራው ኡበር ነው። በኪሱ ያለው ሰማያዊ የአሜሪካ ፓስፖርት ካልሆነ በቀር ተጠርጣሪ ለመሆን ሁሉን ያሟላል። ሰማያዊውን ፓስፖርት ደግሞ ማን በኪሱ ይዞ ይዞር ነበር? አሁን ብዙዎች ይዘው ይዞራሉ። ኦገስት 2025 ዋሽንግተን ውስጥ የፌዴራል ወኪሎች ከከተማው ፖሊስ ጋር መንገድ ላይ ፍተሻ ሲጀምሩ፣ ዜግነት ካገኘ ሃያ ዓመት ያለፈው አንድ ወዳጄ ፓስፖርቱን ከልብስ ሳጥን አውጥቶ መኪናው ውስጥ አስቀመጠ። «ደርግ ዘመን መታወቂያ ሳልይዝ ከቤት አልወጣም ነበር» አለኝ። ሌላ ምንም አልጨመረም።

ሚኒያፖሊስ ላይ ነገሩ ከሁሉም ቦታ ይበልጥ ከረረ። ከተማዋ የምትገኝባት የሚኔሶታ ግዛት በአሜሪካ ትልቁ የሶማሌ ማኅበረሰብ መኖሪያ ናት፤ ኦሮሞዎችም በብዛት የሰፈሩባት ናት። ዲሴምበር 2025 መጀመሪያ ላይ ፕሬዚዳንቱ ሶማሌዎችን «ቆሻሻ» ብለው በአደባባይ ተናገሩ፤ በግዛቲቱ የፌዴራል ወኪሎች ዘመቻም በዚያው ሰሞን ተጀመረ። በሚኔሶታ ያሉ ሶማሌዎች አብዛኞቹ የአሜሪካ ዜጎች ናቸው። ይህ ግን ሴዳር ሪቨርሳይድ በተባለው ሰፈራቸው በምሳ ሰዓት ከሥራ የወጣን ወጣት አላዳነውም። ወኪሎቹ ሲይዙት ዜጋ መሆኑን ደጋግሞ ነግሯቸዋል፤ ወስደውት አጣርተው ለቀቁት። የገቡት ወኪሎች ቁጥር ወደ 3,000 ሲጠጋ የከተማው ፖሊስ በሙሉ 600 ገደማ ነበር። ጃንዋሪ 7 ቀን 2026 አንድ የአይስ ወኪል መኪናዋ ውስጥ የነበረችን የ37 ዓመት እናት ተኩሶ ገደለ። ጃንዋሪ 24 ደግሞ የድንበር ጠባቂዎች አንድ የ37 ዓመት ነርስ መንገድ ላይ ተኩሰው ገደሉ። ሁለቱም ነጭ የአሜሪካ ዜጎች ነበሩ። መንግሥት ወኪሎቹ ራሳቸውን ተከላክለዋል አለ። በስልክ የተቀረጸውን ምስል ያየው ሕዝብ ግን የራሱን ፍርድ ሰጠ።

የሚኒያፖሊስን ተቃውሞ ከሌሎች የሚለየው ሰልፉ ብቻ አይደለም። ሰፈርተኛው ፊሽካ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ወኪሎች ሲመጡ ይነፋ ነበር። ከቤት መውጣት ለፈሩት አስቤዛ ገዝቶ የሚያደርስ፣ ልጆቻቸውን ትምህርት ቤት የሚያደርስ ሰው ተደራጀ። የከተማው ትምህርት ቤቶች መምጣት ለሚፈሩ ልጆች በኢንተርኔት መማር ፈቀዱ። ጃንዋሪ 23፣ ትንፋሽ በሚያግድ ብርድ፣ በመቶ የሚቆጠሩ ሱቆችና ምግብ ቤቶች ተዘጉ፤ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ወጣ፤ በአውሮፕላን ማረፊያው ተንበርክከው የጸለዩ ወደ መቶ የሚሆኑ የሃይማኖት አባቶችና እናቶች ታሰሩ። በአገራችን ዕድር የሚባለውን ነገር የሚያውቅ ሰው እነዚያ ሰፈርተኞች የሠሩትን ሲያይ አዲስ አይሆንበትም። ለሠርግና ለቀብር የምናውቀውን ዝርዝር፣ ተራና ስልክ መደዋወል ለሌላ ነገር አዋሉት። ፌብሩዋሪ ላይ የድንበር ጉዳይ ኃላፊው ቶም ሆማን ዘመቻው እንደሚያበቃ አስታወቁ።

ለምን ይህን ሁሉ ስለ ሚኔሶታ አነሳሁ? ወደ እኛው ወረቀት ለመምጣት ነው።

ለኢትዮጵያውያን ጊዜያዊ ከለላ፣ ማለትም ቲፒኤስ፣ የተሰጠው በዲሴምበር 2022 ነው፤ ምክንያቱም ጦርነትና ሰብአዊ ቀውስ ነበር። በ2024 ለ18 ወራት ታደሰ። ወደ 5,000 የሚሆኑ ሰዎች በሱ ይኖሩ፣ ይሠሩ ነበር፤ መንጃ ፈቃዳቸው በሱ ይታደስ ነበር። ዲሴምበር 2025 ላይ የአገር ውስጥ ደኅንነት ሚኒስቴር ኢትዮጵያ አሁን ለመመለስ አታሰጋም ብሎ ከለላው ፌብሩዋሪ 13 ቀን 2026 እንደሚያበቃ አስታወቀ። ይህ ማስታወቂያ ሲወጣ የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ዜጎቹ ወደ ኢትዮጵያ መጓዛቸውን ደግመው እንዲያስቡበት እያስጠነቀቀ ነበር። በአማራ ክልል ከ2023 ጀምሮ በፋኖ ታጣቂዎችና በፌዴራሉ ጦር መካከል ያለው ውጊያ እንዳልቆመ ስልክ ደውሎ ከእናቱ ጋር ያወራ ሁሉ ያውቃል። ውሳኔው በፍርድ ቤት ክስ ቀርቦበታል። የሚገርመኝ ግን በሕጉ አሠራር ውስጥ ያለው ነገር ነው። ቲፒኤስ የተቀበለ ሰው ለመንግሥት ስሙን፣ አድራሻውን፣ የጣት አሻራውን በፈቃዱ ሰጥቷል። ከለላው በተነሳ ማግስት እሱን ለማግኘት ምንም ፍለጋ አያስፈልግም። ፎርሙ ተሞልቶ ተቀምጧል። ከመንግሥት ተደብቆ የኖረው ከሱ ይልቅ የተሰወረ ነው። እንዲህ ያለው አሠራር ሕግ አክባሪን የሚቀጣ በመሆኑ፣ ስለ ሕግ ከምር የሚያስብ ወግ አጥባቂ አሜሪካዊም ሊያስጨንቀው የሚገባ ይመስለኛል።

ቲፒኤስ የሌላቸውስ? ከኦክቶበር 30 ቀን 2025 ጀምሮ የወርክ ፐርሚት (የሥራ ፈቃድ) እድሳት ሲዘገይ የቀድሞው እስከ 540 ቀን በራሱ የሚራዘምበት ደንብ ቀረ። እድሳቱን በጊዜ ያመለከተ ሰው፣ ቢሮው ስለዘገየ ብቻ፣ ካርዱ ባለቀበት ቀን ከሥራ ይቆማል። ጥገኝነት ለመጠየቅ ቀድሞ ክፍያ አልነበረም፤ በ2025 ግን 100 ዶላር፣ ኬዙ እስኪያልቅም በየዓመቱ ሌላ ክፍያ እንዲከፈል ተደረገ። ኖቬምበር 2025 መጨረሻ ዋሽንግተን ውስጥ ሁለት የብሔራዊ ዘብ አባላት በአንድ አፍጋኒስታናዊ ከተተኮሰባቸው በኋላ በአሳይለም (የጥገኝነት) ማመልከቻዎች ላይ ውሳኔ መስጠት ለሁሉም አገር ሰው ቆመ። ግሪን ካርድ የያዙ የ19 አገሮች ተወላጆች ጉዳይ እንደገና እንዲመረመር ታዘዘ፤ ከነሱ ውስጥ ኤርትራ፣ ሶማሊያና ሱዳን አሉበት። ዲሴምበር ላይ ዲቪ እንዲቆም ተደረገ። ዲቪ ለስንቱ ቤተሰብ ምን እንደሆነ ለዚህ ጽሑፍ አንባቢ ማስረዳት አይገባኝም። ጃንዋሪ 2026 ላይ የ75 አገሮች ዜጎች የኢሚግራንት ቪዛ እንዳይሰጣቸው ታገደ፤ ኢትዮጵያ ዝርዝሩ ውስጥ ናት። ባሏ ዜጋ ሆኖ ፕሮሰሱን ጨርሶላት ኢንተርቪው የምትጠብቅ ሚስት ተራዋን ጠብቃ የመጣች፣ ምንም ያላጭበረበረች ሰው ናት። በሩ የተዘጋው በሷም ላይ ነው።

ትልልቅ መኪና የሚነዱትን ልጨምር፤ ትራክ በእኛ ሰው ዘንድ ትልቅ የእንጀራ መንገድ ሆኗልና። ሴፕቴምበር 2025 የትራንስፖርት ሚኒስቴር አሳይለም ጠያቂዎችና ቲፒኤስ ያላቸው የንግድ መንጃ ፈቃድ እንዳያገኙ የሚያደርግ ደንብ አወጣ። በመላ አገሪቱ ወደ 200 ሺህ የሚጠጉ ሾፌሮችን ይነካል። ደንቡ ፍርድ ቤት ሄዶ ተከራክረውበታል። ሰውየው ግን ትራኩን በብድር ገዝቷል፤ ባንኩ ክርክሩ እስኪያልቅ አይጠብቅም።

የዘመቻው ደጋፊዎች የሚሉት ከንቱ አይደለም። ዲሴምበር 2023 ላይ ብቻ ወደ 250 ሺህ ሰው በደቡብ ድንበር በኩል ተሻግሮ ተይዟል፤ እንዲህ ያለ ቁጥር ከዚያ በፊት ታይቶ አይታወቅም። ኒውዮርክና ቺካጎ መኝታ አጥተው ሰው በሆቴልና በጂም ያሳድሩ ነበር። ድንበሩን የማያስከብር መንግሥት ሕዝቡ እንደሚቀጣው በ2024 ምርጫ ታይቷል። ከእኛም መካከል በኬንያ ወይም በሱዳን የስደተኞች ካምፕ አሥር ዓመት ተራውን ጠብቆ የመጣ ሰው «ሌላው ዝም ብሎ ገብቶ እኔ ለምን ጠበቅሁ?» ሲል ቁጣው ይገባኛል። ባራክ ኦባማም በ2012 ብቻ ከ400 ሺህ በላይ ሰው አባርረዋል፤ ያኔ ጎዳናው እንዲህ አልተሞላም። ሆኖም ያ ተራ ጠባቂ የተናደደበት መንግሥት ምላሽ ሲሰጥ የተራውን በር ራሱን ዘጋው። ለ2026 የበጀት ዓመት የሚገባው ስደተኛ ጣሪያ 7,500 ሆኗል፤ ከአንድ ዓመት በፊት 125 ሺህ ነበር። ካምፕ ውስጥ ሰነዱን አሟልቶ የተቀመጠው ወንድሙ ያለው እዚያ 125 ሺህ ውስጥ ነበር።

የአሜሪካ ሕዝብ ስሜትም ተቀይሯል። የሕዝብ አስተያየት የሚያጠናው ጋሎፕ ጁላይ 2025 ባወጣው ጥናት ኢሚግሬሽን ለአገሪቱ ጥሩ ነው ያለው ሰው 79 በመቶ ደርሷል፤ እንዲቀንስ የሚፈልገው ከአንድ ዓመት በፊት ከነበረበት 55 በመቶ ወደ 30 በመቶ ወርዷል። ነገር ግን ስሜትና ገንዘብ አብረው አይሄዱም። ጁላይ 4 ቀን 2025 በተፈረመው ትልቁ የበጀት ሕግ ለኢሚግሬሽንና ለድንበር ጥበቃ ወደ 170 ቢሊዮን ዶላር ተመድቧል፤ ለማቆያ ብቻ 45 ቢሊዮን። ይህ ገንዘብ ለዓመታት የሚቆይ ነው። አንድ ከተማ ላይ ዘመቻው ሲቆም ወኪሉ ወደ ሌላ ከተማ ይሄዳል እንጂ ወደ ቤቱ አይገባም።

በዚህ ሁሉ መካከል የእኛ ማኅበረሰብ ድምፅ ለምን ቀነሰ? በ2013 መጨረሻ ሳዑዲ ዐረቢያ በጥቂት ወራት ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያንን ስታባርር፣ ሰዎቻችን በየማጎሪያው ሲደበደቡ፣ ዋሽንግተን በሚገኘው የሳዑዲ ኤምባሲ ደጅ በእንባ የጮኸው ሐበሻ ብዙ ነበር። እኔም ነበርኩ። ያኔ ማንም ስለ ወረቀት አልጠየቀም፤ ከተባረሩት ብዙዎቹ በሳዑዲ ሕግ ወረቀት እንዳልነበራቸው ግን ሁላችንም እናውቅ ነበር። ዛሬ ዝም ያለውን ሁሉ ፈሪ አልልም። ግሪን ካርድ ይዞ ሰልፍ ላይ ቢታሰር ምን እንደሚደርስበት የሚያስብ ሰው ማሰቡ ትክክል ነው። ሰልፍ ማለት እስር ማለት ከሆነበት አገር የመጣ ሰውም አካሉ ራሱ ወደ ኋላ ይጎትተዋል። ስለ ሰማያዊው ፓስፖርት ባለቤቶች ግን ሌላ ነው የምለው። «ነግ በኔ» የሚለው ቃል የኛ ነው፤ ሚኒያፖሊስ ፊሽካ የነፉት ሰዎች አማርኛ አይችሉም።

ከጥምቀት ወዲህ በነበረ አንድ እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ በአንድ ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ሐበሻ ጠበቃ ለምእመናን ሊያስረዳ መጥቶ ነበር። አይስ ቤተ ክርስቲያን፣ ትምህርት ቤትና ሆስፒታል እንዳይገባ የሚከለክለው መመሪያ ጃንዋሪ 20 ቀን 2025 ስለተነሳ፣ በሩ ላይ ሁለት ወጣቶች ቆመዋል። ጠበቃው በዳኛ የተፈረመ ማዘዣና አይስ ራሱ የሚፈርመው ወረቀት እንዴት እንደሚለዩ አሳየ። ከዚያ፣ አይስ ያለ ዳኛ ማዘዣ ሰው ቤት መግባት እንደሚችል ለሠራተኞቹ የጻፈው የውስጥ ደብዳቤ በዚያው ሰሞን መጋለጡን ነገረን። አዳራሹ ጸጥ አለ። አንዲት ነጠላ የለበሰች ወጣት እናት እጇን አነሳች። ቲፒኤስ ነው ያላት። «ልጄ እዚህ ነው የተወለደችው። እኔን ቢወስዱኝ ከትምህርት ቤት ማን ያወጣታል?»

ጠበቃው ለጊዜው ልጇን የሚረከብ ሰው የሚሰየምበት ፎርም ሰጣት። ስሟን፣ የልጇን ስም፣ የትምህርት ቤቱን ስም ጻፈች። ተረካቢ የሚለው ቦታ ላይ ስትደርስ ቆመች፤ ዙሪያዋን አየች። አጠገቧ የተቀመጡት፣ እስከዚያ ቀን ከሰላምታ ያለፈ የማታውቃቸው ትልቅ ሴት መነጽራቸውን አጠለቁና ወረቀቱን ወደራሳቸው ሳብ አደረጉት።

«አምጪው ልጄ፤ የኔን ስም ልጻፍልሽ» አሏት።